የዶሮ መታቀፍ እውነተኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

(ለመልሶ ማቋቋምና ለሠፈራ ጣቢያ ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



በድርቅ የተጎዳ ቤተሰብ ወደ ቀዬው ሲመለስ ወይም በአዲስ ሠፈራ ጎጆ ሲቀልስ፣ በመጀመሪያ ወደ ደጁ የሚገባው እንስሳ በአብዛኛው በሬ ወይም ላም አይደለም፤ ዶሮ ናት። በሬ ለመግዛት የብዙ ዘመን ጥሪት ያስፈልጋል። ዶሮ ግን በአነስተኛ ገንዘብ ትገኛለች፣ የግጦሽ መሬት አትጠይቅም፣ ጓሮ ጭራ ታድራለች፣ እንቁላሏም ለጨው፣ ለበርበሬና ለላምባ መግዣ ይሆናል። በመሆኑም ከድርቅ በኋላ በሚነደፉ የማቋቋሚያ ዕቅዶች ውስጥ ዶሮ ማከፋፈል በተደጋጋሚ ተጽፎ ይገኛል። በወረቀት ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ቤተሰብ ጥቂት ዶሮዎችና አንድ አውራ ይሰጣሉ፤ በዓመቱም ይራባሉ ይባላል። ይሁንና «ይራባሉ» የሚለው ቃል አንድ ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ተሸክሟል፤ ይኸውም ዶሮዋ መታቀፍ ያለባት መሆኑ ነው። ኤሌክትሪክ ባልገባበት መንደር ያለው የመፈልፈያ መሣሪያ የዶሮዋ ደረት ብቻ ነው፤ ይህ መሣሪያ በእርግጥ መሥራት መጀመሩን ለይቶ የማያውቅ ሠራተኛ ደግሞ የሚሰጠው ምክር ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? አንዲት የአገር ቤት ዶሮ 12 እንቁላል ለመጣል ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል። የቤት እመቤቷ እነዚህን እንቁላሎች ወደ ገበያ ይዛ ብትወጣ የሳምንት እህል ማሟያ ታገኝባቸው ነበር። ለዘር ብላ ካስታቀፈቻቸው በኋላ ዶሮዋ በአምስተኛው ቀን ጥላቸው ብትነሣ፣ ሞቀው የቀዘቀዙት እንቁላሎች ለምግብም ለገበያም አይሆኑም፤ ጫጩትም አይሆኑም። የእንቁላሉ ዋጋና የአንድ ወር ጊዜ በአንድ የተሳሳተ ግምት ይጠፋሉ። የኑሮ መሠረት ላለው ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ከዕለት ደራሽ እርዳታ ገና በመላቀቅ ላይ ላለ ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም።

ስሕተቱ በተገላቢጦሹም ይደርሳል። በእውነት የታቀፈችው ዶሮ «ታማለች» ተብላ የታረደችበት፣ በሌላ በኩልም በእርግጥ የታመመችው «ታቅፋለች» ተብላ እንቁላል የተሰጣትና በሽታውን ለጎረቤት ዶሮዎች ያስተላለፈችበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ዝም ብለው ስለሚቀመጡ፣ ሁለቱም ከመንጋው ስለሚለዩ፣ ሁለቱም ጥቂት ስለሚበሉ ላላስተዋለ ሰው አንድ መስለው ይታያሉ።

መታቀፍ የዶሮዋ ፈቃድ ወይም አመል ብቻ አይደለም። ዶሮ እንቁላል መጣል ስትጨርስ ከአንጎሏ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የሚባል ንጥረ ነገር በደሟ ውስጥ ይበዛል። ይህም እንቁላል መጣሏን ያቋርጣል፣ የምግብ ፍላጎቷን ይቀንሳል፣ ከጎጆዋም አላላቅቅ ይላታል። በሆዷና በደረቷ ያለው ላባ ይሳሳል፤ ቆዳው ይገለጥና ይሞቃል። የእንቁላሉ ልስላሴ ከዚህ ገላጣ ቆዳ ጋር ሲነካካ ንጥረ ነገሩ ሳይቀንስ እንዲቆይ ያደርጋል። እንቁላሉ ከሥሯ ቢወሰድና ጎጆው ቢፈርስ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል። ከዚህ የምንረዳው የዶሮዋ አካል መታቀፍን የሚጀምረው ቀስ በቀስ መሆኑን ነው። አንድ ቀን ጎጆ ላይ የተገኘች ዶሮ ሁሉ ጉዞውን ጨርሳለች ማለት አይደለም፤ መሐል መንገድ ላይ ልትሆን ትችላለች።

የአገራችን የአገር ቤት ዶሮዎች በዚህ ጠባይ የታወቁ ናቸው። ከ12 እስከ 15 የሚሆን እንቁላል ይጥሉና ይታቀፋሉ፤ ከ21 ቀን በኋላ ይፈለፍላሉ፤ ከዚያም ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቻቸውን ይዘው ይዞራሉ። ዓመታዊ ምርታቸው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚህም የተነሣ በእርባታ ባለሙያዎች ዘንድ መታቀፍ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ኖሯል። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አማካይነት ወደ አገር የገቡት የውጭ ዝርያዎች፣ በተለይም ነጭ ሌግሆርን፣ በኋላም የመጡት እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት፣ ብዙ እንዲጥሉ ሲባል የመታቀፍ ጠባያቸው በምርጫ እንዲጠፋ የተደረጉ ናቸው። መኖ ገዝቶ፣ ጫጩት ከማስፈልፈያ ጣቢያ እየተካ ለሚሠራ አርቢ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ገበያና መንገድ ለራቀው ሠፋሪ ግን በዓመት 200 እንቁላል የምትጥል ነገር ግን ራሷን የማትተካ ዶሮ፣ ስታረጅ የምታልቅ ስጦታ ናት። ቤተሰቡም «መቼ ትታቀፋለች?» እያለ ይጠብቃል። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ያከፋፈለ መሥሪያ ቤት ይህን ለተቀባዩ አስቀድሞ መንገር ግዴታው ነው፤ ሲነገር የሚሰማው ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ በእውነት የምትታቀፈው ዶሮ በምን ትለያለች?

ከምልክቶች ሁሉ የሚበልጠው ሌሊት ነው። በቀን ጎጆ ላይ መቀመጥ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ልትጥል የገባች ዶሮ አንዳንድ ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት ትቀመጣለችና። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ያልታቀፈች ዶሮ ሁሉ ወደ ቆጧ ትወጣለች። የታቀፈችው ቆጡን ትታ ከጎጆዋ ታድራለች። አንድ ወጣት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአንዲት ሠፋሪ እናት ደጅ ቆሞ፣ «እማማ፣ ይህች ገብስማ ታቅፋለችና እንቁላል ይስጧት» ቢል፣ የሚያገኘው መልስ «ኧረ ልጄ፣ ትናንት ማታ እኮ ቆጥ ላይ ነው ያደረችው፤ ዛሬ ልትጥል ገብታ ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው መንደሩን የሚጎበኘው በቀን ነው፤ ዶሮዋ የምትታወቀው በማታ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የቤት እመቤቷ ቃል ከጎብኚው ዓይን ይበልጣል። በብዙ ቦታ የዶሮ ምዝገባ ቅጽ የሚሞላው አባወራውን በመጠየቅ መሆኑ ይህን እውቀት ከመዝገብ ውጭ ያስቀረዋል፤ ዶሮን የሚጠብቁት፣ የሚያስታቅፉትም ሆነ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸውና።

ሁለተኛው ምልክት ድምፅ ነው። እንቁላል ጥላ የተነሣች ዶሮ ከፍ ባለ ድምፅ ታስካካለች፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማታል። የታቀፈችው አታስካካም። ከጎጆዋ ስትወርድ ወደፊት ጫጩቶቿን የምትጠራበትን ዓይነት ዝቅ ያለ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ታሰማለች። ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ እጥፍ ታክላለች፣ ክንፏን ዘርግታ ጎጆውን ትሸፍናለች፣ እጅ ሲዘረጋባትም ትነክሳለች። ሆኖም በመንከስ ብቻ መፍረድ አይገባም። ከሰው ጋር የለመደች ዶሮ በሚገባ ታቅፋ ሳለ ዝም ብላ ልትነካ ትችላለች፤ ቁጡዋ ደግሞ ሳትታቀፍም ትነክሳለች።

ሦስተኛው በእጅ የሚታወቅ ነው። በምሽት እጅን በቀስታ ከሥሯ አግብቶ ደረቷን መዳሰስ ነው። በእውነት የታቀፈች ከሆነ ቆዳው ተገላልጦ ይገኛል፤ ሙቀቱም ይሰማል። ከጎጆው ውስጥ የሆድ ላባ ረግፎ ማግኘትም የሚረዳ ምልክት ነው። ኩሷም ይለያል። የታቀፈች ዶሮ ጎጆዋን ላለማቆሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዛ ስለምትቆይ በቀን አንድ ጊዜ ስትወጣ የምትጥለው ኩስ ትልቅ፣ የተጠራቀመና ከወትሮው የከፋ ሽታ ያለው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሽታ መስሎት ይደነግጣል። የበሽታ ኩስ ግን ብዙውን ጊዜ ቀጭን፣ ውኃማ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ሲሆን ጎጆውንና የዶሮዋን የኋላ ላባ ያበላሻል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚቀለው ፈተና ዶሮዋን አንሥቶ ከጎጆው ጥቂት እርምጃ ርቆ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው። ያልታቀፈችው ትሮጣለች፤ ወዲያው መጫር ትጀምራለች፣ ጎጆውንም ትረሳለች። የታቀፈችው ላባዋን እንደነፋች ለጥቂት ጊዜ በቦታዋ ጠፍጠፍ ብላ ትቀራለች፤ ቀጥሎ ምናልባት ጥቂት ጥሬ ለቅማ፣ ውኃ ጠጥታና በአመድ ተንከባላ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች። የታመመችውስ? እርሷም በቦታዋ ትቀራለች፤ ነገር ግን ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አንገቷን ትሰበስባለች፣ ሰው ሲነካት አትቆጣም፣ ወደ ጎጆዋም ለመመለስ አትቸኩልም። የታቀፈች ዶሮ ዓይኗ ንቁ ነው። ልዩነቱ ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ «ስንት ጥላለች?» የሚለው ነው። መታቀፍ የሚከተለው እንቁላል ከተጣለ በኋላ ነው። በድርቅ ወቅት መኖ ያነሳት ዶሮ መጣል ታቆማለች። ለሳምንታት ሳትጥል የከረመች፣ የደረቷ አጥንት የሾለ ዶሮ ድንገት ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ብትገኝ ረሃብ ወይም ሕመም እንጂ መታቀፍ ሊጠረጠር አይገባም። በአንጻሩ ገና መጣል የጀመረች ቄብ ሦስት አራት እንቁላል ጥላ ጎጆውን ብትወድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የአዲስነት ነው። ቅንቅን የበዛበት ቆጥም ዶሮዎችን ያሳስታል፤ ሌሊት የሚበላቸውን ተባይ ሸሽተው ሌላ ቦታ ሲያድሩ የታቀፉ ይመስላሉ። እንዲህ ሲሆን ቆጡን በማታ በባትሪ መመርመርና አመድ መነስነስ ይበጃል።

ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈንግል በየመንደሩ የሚነሣው በአብዛኛው ዝናቡ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። በዚህ ወቅት ዝም ብላ የተቀመጠች ዶሮ ሁሉ መጀመሪያ በበሽታ ዓይን መታየት አለባት። ትንፋሿ የሚያፍናት፣ አንገቷ የሚጠመዘዝ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ከሆነች ከሌሎቹ ትለይ፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛም ይነገር። ብዙ እናቶች በክረምት ማስታቀፍን የሚጠሉት በከንቱ አይደለም። ርጥበቱ፣ ጭልፊቱና ሸለምጥማጡ ከፈንግል ጋር ተደምረው ጫጩቱን ይጨርሱታልና የመስከረም ማለፍን ይጠብቃሉ።

ምልክቶቹ ሁሉ ቢታዩም እንኳ እውነተኛውን እንቁላል በመጀመሪያው ቀን መስጠት አይገባም። በከሰል ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ወይም ሦስት የማይፈለጉ እንቁላሎች ከሥሯ ይቀመጡና ሦስት ሌሊት ትፈተን። ሦስቱንም ሌሊት ከጎጆዋ ካደረች፣ ሲያነሧት ከተመለሰች፣ በማግሥቱም እንቁላሎቹ ሞቀው ከተገኙ ነገሩ ተረጋግጧል። በፈተናው ጊዜ ብትነሣ የጠፋ ነገር የለም። መታቀፊያው የተሰበረ እንስራ ግማሽ ወይም ቅርጫት ሊሆን ይችላል፤ ጭድ ተጎዝጉዞበት ጨለም ባለ፣ ልጆችና ሌሎች ዶሮዎች በማይደርሱበት ጥግ ይቀመጣል። ከቦታ ቦታ ማዛወር ካስፈለገ ይህ የሚደረገው ከፈተናው በፊት ወይም በጨለማ ነው። ዘር የሚሆኑት እንቁላሎች በአራተኛው ምሽት በአንድ ጊዜ ይሰጧታል። ዛሬ አምስት ነገ አራት እያሉ መጨመር፣ የፊተኞቹ ሲፈለፈሉ የኋለኞቹ ጥሬ ሆነው እንዲቀሩ ያደርጋል፤ ዶሮዋ ጫጩቶቿን ተከትላ ትነሣለችና። ለትንሿ የአገር ቤት ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዳር ዳር ያሉት ይበርዳሉ። በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ማየት ይቻላል፤ የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ሥር የሚታይበት ሕይወት አለው፣ ጥርት ብሎ የሚያበራው ግን ጫጩት አይወጣውም።

አሁን የሠፈራውን ነገር ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ፣ ከእነዚህም ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳና ወደ ጋምቤላ ተወስዷል፤ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱም ብዙዎች ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የክልል ውስጥ ሠፈራም ከደጋ ወደ ቆላ የወረደው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ዶሮውን ይዞ መጓዝ ያልቻለ ሰው እንኳ የዶሮ አያያዝ ልማዱን ይዞ ተጉዟል። በደጋ እንቁላል ሁለት ሳምንት ያህል ከጎታው እህል መሐል ተቀብሮ ቢቆይ አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ ብዙ ጉዳት አይደርስበትም። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሆንበት ቆላ ግን በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ ዶሮዋ ሳትነካው ማደግ ይጀምራል፤ በተስተካከለ ሙቀት ስለማይደገፍም ከመታቀፉ በፊት ይሞታል። ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ዶሮዋ 21 ቀን በታማኝነት ታቅፋ አንድም ጫጩት አይወጣም። ጥፋቱ በእርሷ ይላከክና ትታረዳለች ወይም ትሸጣለች። ስለዚህ በቆላ ሠፈራዎች ለማስታቀፍ የሚቀመጥ እንቁላል ከአንድ ሳምንት ባይበልጥ፣ እርሱም ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ በርጥብ ጨርቅ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። አንዲት ዶሮ በአንድ ሳምንት 12 እንቁላል ስለማትጥል ጎረቤታሞች አዲስ እንቁላል ተበዳድረው ለአንዷ ማስታቀፍ ይችላሉ።

ጉዞም የራሱ መዘዝ አለው። የታቀፈችን ዶሮ ማስተው የፈለገች እናት ወደ ጎረቤት ወስዳ ታሳድራታለች፤ ቦታ መለወጡ ብቻ መታቀፏን ያስተዋታልና። አንዳንዶች በውኃ ይነክሯታል ወይም ላባ በአፍንጫዋ ያሳልፋሉ፤ ይህ ግን ማሠቃየት ብቻ ስለሆነ ሊበረታታ አይገባም። ቦታ መለወጥ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ እግሯ ታስሮ በመኪና ብዙ ሰዓት የተጓዘች ዶሮ በደረሰች በሳምንቷ እንድትታቀፍ መጠበቅ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ቦታውን ትልመድ፣ ትብላ፣ ትጣል። በገበያ ላይ እግሯ ታስሮ የተቀመጠች ዶሮ ደግሞ ታቃፊ መሆኗ በመልኳ አይታወቅም። ለማከፋፈል የሚገዛ ኮሚቴ ከነጋዴ ይልቅ በአቅራቢያው ካሉ ቤተሰቦች ቢገዛና «ይህች ዶሮ ስንት ጊዜ ፈልፍላለች?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። የውጭ ዝርያ የሚታደል ከሆነም ለየጥቂት ቤተሰቦች አንዲት የተፈተነች የአገር ቤት ዶሮ አብራ ብትሰጥ የእነዚያን እንቁላል ትፈለፍልላቸዋለች። በዘገባ በኩልም «የተሰጡ ዶሮዎች ብዛት» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «የታቀፉ» እና «የፈለፈሉ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ቢጨመሩ፣ የትኛው ሠፈራ በዶሮ እየተቋቋመ፣ የትኛው የተሰጠውን በልቶ እየጨረሰ እንዳለ ከማዕከል ሆኖ ማየት ይቻላል።

በ21ኛው ቀን ምንም ያልተፈለፈለ እንደሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላሎቹ ይነሡ፣ ዶሮዋም በደንብ ትመገብ፤ በመታቀፏ ጊዜ ከስታለችና። ሆኖም በቅርብ ከማስፈልፈያ ጣቢያ የአንድ ቀን ጫጩት የሚመጣ ከሆነ ይህችኑ ዶሮ ለሌላ ሥራ ማዋል ይቻላል። ጫጩቶቹ በጨለማ አንድ በአንድ ከሥሯ ይገባሉ፤ ባዶ እንቁላሎቹም በዚያው ሰዓት ይወሰዳሉ። በእውነት የታቀፈች ዶሮ ከሆነች ሲነጋ ያንኑ ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰማች ይዛቸው ትወጣለች።